ደህና አዲስ ባስ ሳክስፎን በደህና ዋጋ የት ነው ያለው?

ኧረ በፈጠራችሁ! አንድ አዲስ ባስ ሳክስፎን በአቅም መግዛት ይህን ያህል ማንገላታት አለበት? «ባስ» ብለው ይለጥፋሉ፣ ፎቶውን ስከፍተው ባሪቶን ነው፣ ከባስ አነስ የሚለው ሳክስፎን። ባስ እኮ ከቴነር ሳክስፎን አንድ ሙሉ ኦክታቭ (ስምንት የድምፅ ደረጃ) ወርዶ የሚጮህ መሣሪያ ነው! የሚሸጡትን ዕቃ እንኳ አያውቁትም።

ፈረንሳይና ጀርመን የተሠሩት ድንቅ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ከ10,000 ዩሮ እጅግ ያልፋል። ሠርግ እየተጫወተ የሚያድር ሙዚቀኛ በምን አቅሙ? የቀረው ቻይና ሠራሹ ነው፣ ደሜ የሚፈላውም እዚህ ላይ ነው። ቁርጥ አንድ ዓይነት ሳክስፎን የተለያየ ስም ተቀርጾበት በተለያየ ዋጋ ይቀርባል። «ማን ሠራው?» ስል መልስ የለም። «ከመላኩ በፊት ተፈትሿል?» ስል «አታስብ ወንድሜ»። እንዴት አላስብ? የባስ ቱቦው ረጅም፣ ቀዳዳዎቹ ሰፋፊ፣ ዘንጎቹ ረጃጅም ናቸው። መንገድ ላይ አንዱ ዘንግ ትንሽ ከጎበጠ ፓዱ (ቀዳዳውን የሚደፍነው ለስላሳ ክዳን) በደንብ አይከድንም፣ አየር ያፈስሳል፣ ታችኞቹ ድምፆች ጭራሽ እምቢ ይላሉ። ባስ የሚገዛው ለእነሱ አይደለም እንዴ! ጠጋኝ ልፈልግ ብትልም ባስ ነክቶ የሚያውቅ ባለሙያ በጣት የሚቆጠር ነው።

«አሮጌ ግዛ» የሚሉኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኮን እና ቡሸር የተባሉት ኩባንያዎች አሜሪካ ውስጥ የሠሯቸው ዛሬም ግሩም ይጮሃሉ፣ አልክድም። ግን ብዙዎቹ ፓዳቸው ሁሉ መቀየር አለበት፣ የእድሳቱም ወጪ ኪስ ያራቁታል።

ሻጮች፣ እባካችሁ! ቢያንስ ከታችኛው ቢ ፍላት (ከወፍራሙ ድምፅ) ጀምሮ የተነፋበትን ቪዲዮ አብራችሁ ልቀቁ።