ሸክላ ሲሞቅ ውሃው ይፈጥናል ወይስ ይጠፋል?

ጥያቄው አጭር ነው፦ የሸክላ ማዕድን ሲሞቅ በውስጡ የሚያልፈው ውሃ ምን ይሆናል? አንድ የፊዚክስ መምህር «ይፈጥናል፣ አለቀ» ይላሉ። አንዲት የማዕድን ባለሙያ አይስማሙም።

መምህሩ፦ ነገሩን አናክብደው። ውሃ ሲሞቅ ይቀጥናል። በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ዝልግልግነት (ለመፍሰስ ያለው እምቢታ) በ20 ዲግሪ ከነበረው ሲሶ ገደማ ነው። ሸክላው ያው፣ ግፊቱ ያው፤ የሚያልፈው ውሃ ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል።

ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ስሌቱ ልክ ነው። ችግሩ ሸክላን እንደ ቧንቧ ማየትዎ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዳርሲ በ1856 የውሃ ስርገትን ሕግ ያገኘው ውሃ በአሸዋ ውስጥ እያሳለፈ ነው። አሸዋ ውሃን አያቅፍም። ውሃ ሲያገኝ የሚያብጠውን የሸክላ ማዕድን፣ ሞንትሞሪሎናይትን፣ እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበሩ ስስ ቅጠሎች ናቸው። ሲደርቅ ከአንዱ ቅጠል እስከ ቀጣዩ 1 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንድ ረድፍ ውሃ ሲገባ 1.25፣ ሁለት ረድፍ ሲገባ 1.5 ይሆናል። እዚያ መሃል ያለ ሞለኪውል እንደልቡ አይፈስም። በቅጠሎቹ መሃል ያለው ሶዲየም ወይም ካልሲየም ይዞታል፤ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ተራ ውሃ በዜሮ ዲግሪ ሲረጋ ይሄኛው ከዜሮ በታችም ይንቀሳቀሳል። ታዲያ የእርስዎ ዝልግልግነት እዚህ ምን ይሠራል?

መምህሩ፦ ዝላዩም ቢሆን በሙቀት ይፈጥናል እኮ! የሞለኪውሎቹ እንቅስቃሴ በኒውትሮን ጨረር ሲለካም የታየው ይኸው ነው።

ባለሙያዋ፦ ይፈጥናል፤ ውሃው ካለ። ሸክላው ለአየር ክፍት ከሆነ ግን ሲሞቅ ውሃው ራሱ ወጥቶ ይሄዳል። ሁለቱ ረድፍ አንድ ይሆናል፣ አንዱም ያልቃል። ቅጠሎቹ ይጠጋጋሉ። በአንድ ረድፍ የቀረው ውሃ ደግሞ ከሁለት ረድፉ ይልቅ ይንቀረፈፋል። ሙቀቱ በአንድ እጁ እያፋጠነ በሌላው መንገድ ይዘጋል።

መምህሩ፦ ውሃ የጠገበና የታሸገ ሸክላ ቢሆንስ?

ባለሙያዋ፦ ያኔ ወደ እርስዎ እጠጋለሁ። ካኦሊናይት የሚባለው ሌላው የሸክላ ማዕድን ከሆነማ አልከራከርም፤ እሱ በቅጠሎቹ መሃል ውሃ አይዝም። ግን ስዊድኖች የኑክሌር ቆሻሻን በአብዛኛው ሞንትሞሪሎናይት በሆነው በቤንቶናይት ሸክላ ከብበው ለመቅበር ሲያቅዱ ሸክላው ከ100 ዲግሪ እንዳያልፍ ወስነዋል። ለምን? ረጅም ሙቀትና ፖታሲየም ሲገናኙ የሚያብጠው ማዕድን ወደማያብጠው ኢላይት ይለወጣል። ውሃውን የሚያግደው ደግሞ ማበጡ ነው።

መምህሩ፦ እህቴ፣ እሱ እጅግ የረጅም ዘመን ጉዳይ ነው። እኔ የማወራው ዛሬ ስለሚያልፈው ውሃ ነው።

ባለሙያዋ፦ ዛሬም ቢሆን፣ ሸክላው የትኛው ነው፣ ክፍት ነው ዝግ፣ ሳይነግሩኝ «ሦስት እጥፍ» አይበሉኝ።