ሠላሳ ዓመት ረዳት መሆን ምን ነውር አለው?
አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ረዳት አሰልጣኝነትን ለዋና አሰልጣኝነት ወንበር መሸጋገሪያ ብቻ አድርጎ ማቅረቡ አልተዋጠልኝም። ቢል ጉትሪጅን እዩት። በአሜሪካው ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 30 ዓመት የዋና አሰልጣኙ የዲን ስሚዝ ረዳት ነበር። 30! ስንቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሻንጣውን ይሸክፋል።

ስሚዝ በጥቅምት 1997 ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ጡረታ ወጣ። ወንበሩ ለጉትሪጅ ደረሰው፤ ያኔ 60 ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 34 ጨዋታ አሸንፎ በ4 ብቻ ተሸነፈ፤ በአገር አቀፉ የኮሌጆች ውድድርም እስከ መጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ደረሰ። በ2000 ደግሞ እንደገና ከመጨረሻዎቹ አራት አንዱ ሆነ።

እኔ የምወድለት ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ለአምስት ቦታ ስድስት ብቁ ተጫዋቾች ነበሩት። ቪንስ ካርተርና አንቷን ጄሚሰን ከነሱ መሃል ናቸው። ታዲያ ምን አደረገ? ጨዋታ ሲጀመር አንዱን በየተራ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ኮከብ ሆንክ አልሆንክ ተራህን ትጠብቃለህ፣ ልክ እንደ ታክሲ ሰልፍ። (የኛ አሰልጣኞች ቢሞክሩት ጋዜጣው አይለቃቸውም!) ለነገሩ ዳር ተቀምጦ መጠበቅን ከሱ በላይ ማን ያውቀዋል?

ዋና አሰልጣኝ ሆኖ የቆየው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። በቃኝ ብሎ በራሱ ጊዜ ወጣ።