ነፊዎቹም ይነሱ እንጂ
ስለ ፊልም ዳንስ ያወጣችሁት ጽሑፍ ደስ ይላል። ግን «ቲላና ሞሃናምባል» የተባለውን የሕንድ ፊልም አንስቶ ስለ ተዋናይቷ ፓድሚኒ ዳንስ ብቻ ማውራቱ ቅር አሰኝቶኛል። ይህ የ1968 (እ.ኤ.አ.) የታሚል ፊልም እኮ የዳንሰኛዋና የናዳስዋራም (ረጅም የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ) ነፊው የእልህ ፍቅር ነው። ነፊውን ሆኖ የሚጫወተው ሲቫጂ ጋኔሳን ጉንጩን ወጥሮ፣ ጣቶቹን ቀዳዳዎቹ ላይ ሲያሯሩጥ ራሱ የሚነፋ ነው የሚመስለው። ድምፁ ግን የማዱራይ ወንድማማቾች የሴቱራማንና የፖኑሳሚ ነው። እንዴት ስማቸው ይዘለላል?

እኔን አንጀቴን የሚበላኝ የነፊው ክንድ ከቆሰለ በኋላ ያለው ዘፈን ነው። ዳንሰኛዋ ሕዝብ ፊት እየደነሰች «ደህና ነህ ወይ?» ትለዋለች። ለሌላው ሰው ዘፈን ነው፤ ለእሱ ግን ጥያቄ ነው። ታሚልኛ አልችልም፤ ዓይኖቿን አይቼ ገባኝ። ደራሲው ኮታማንጋላም ሱቡ መጽሔት ላይ በተከታታይ ያወጣውን፣ ፊልሙ የተሠራበትን ልብ ወለድ የሚተረጉምልን ባገኘን!