በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠው ሱረት

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ቡናማ ዱቄት በማንኪያ ተሰፍሮ በላስቲክ ሲቋጠር አየሁ። ገዢው ጎረቤቴ ነበሩ፤ ሱረት የሚባለውን፣ ከከንፈር ሥር የሚያኖሩትን የማይጨስ የትምባሆ ዱቄት፣ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። «ሲጋራውን እኮ ትቻለሁ፤ ይሄ ጭስ የለው፣ ሳንባ አይነካ» አሉኝ። ከታችኛው ከንፈራቸው ሥር ሱረቱን የሚያኖሩበት ቦታ ግን ነጥቶና ተሸብሽቦ ውሃ ውስጥ የቆየ ጣት መስሏል።

ጭስ እንደሌለው እውነት ነው፤ ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የማይጨስ ትምባሆ የአፍ፣ የምግብ ቧንቧና የቆሽት ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጧል። ካንሰር አምጪ ከሆኑት 28 ያህል ኬሚካሎቹ መካከል ፎርማልዴሃይድ፣ ካድሚየም፣ አርሴኒክ፣ ጨረር አመንጪው ፖሎኒየም 210 ሳይቀር ይገኛሉ። ከሁሉም የሚያሰጉት ናይትሮሳሚን የተባሉት ናቸው፤ እነዚህን ማንም ከውጭ አይጨምራቸውም፤ ቅጠሉ ሲደርቅ፣ ሲብላላና ተከማችቶ ሲቆይ ከራሱ ከኒኮቲኑና ከመሰሎቹ ይፈጠራሉ። ስለዚህ ሻጮች «ምንም ያልተቀላቀለበት የአገር ቤት ቅጠል ነው» ማለታቸው ገዢውን ከምንም አያድነውም። በጎረቤት ሱዳን በየቤቱና በየሱቁ የሚዘጋጀው ቶምባክ የተባለው የማይጨስ ትምባሆ ከፍተኛ የናይትሮሳሚን መጠን ከተለካባቸው ምርቶች አንዱ ነው።

ቶምባክ ላይ ሶዳ ይጨመራል፤ በሌሎች አገሮችም አመድ ወይም ኖራ የሚቀላቅሉ አሉ። ብዙ ሰው ይህን ለጣዕም የተደረገ ይመስለዋል። ሥራው ግን ሌላ ነው፤ ድብልቁን ከአሲድነት ስለሚያርቀው ኒኮቲኑ ነጻ ሆኖ በአፍ ስስ ቆዳ በኩል ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ሰውየው ሱረቱን ከአፉ ካወጣ በኋላ እንኳ ኒኮቲኑ ከደሙ ቶሎ አይጠፋም፤ ሲጎድል ደግሞ ብስጭቱ፣ የሐሳብ መበታተኑና እንቅልፍ ማጣቱ ይከተላል። እንዲህ ያለውን ሱስ «ልማድ ነው፣ ሲፈልጉ ይተውታል» እያሉ ማቃለል ለመተው የሚታገሉትን ሰዎች መበደል ነው።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ምርት ማሸጊያ ፊትና ጀርባ 70 በመቶው በሥዕላዊ የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰውም እንዳይሸጥ ያዛል። የቀፊራው ላስቲክ ግን ፊትም ጀርባም የለውም፤ ማስጠንቀቂያው የት ይለጠፍ? ቁጥጥሩ በሲጋራ ፓኮ ላይ ብቻ ከቀረ አዋጁ እንደ ጎረቤቴ ላሉ ሰዎች አልደረሰም ማለት ነው፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪዎች ተሰፍሮ ወደሚሸጠው ሱረትም መምጣት አለባቸው። እስከዚያው የጥርስ ሐኪሞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች «ታጨሳለህ ወይ?» ብለው ከማብቃት «ከከንፈርህ ሥር የምታኖረው ነገር አለ ወይ?» ብለው ቢጠይቁና ከንፈሩን ገልበጥ አድርገው ቢያዩ ብዙ ነገር ይደረስበታል። ጎረቤቴን በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ በሚመጣው ሳምንት ጥርስ ሐኪም ዘንድ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል።