ደረት ላይ ቢከን ወይስ መልእክት የሚመልስ? ከኮምቦልቻ የተነሳ ክርክር

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ከኮምቦልቻ እየተነሳች የወሎን ደጋና ቆላ ከአየር ላይ ፎቶ ታነሳለች። አውሮፕላኗ የራሷ ኢኤልቲ አላት፤ ስትከሰከስ ግጭቱን አውቆ በራሱ ለሳተላይት ምልክት የሚልክ ሣጥን ማለት ነው። ጥያቄው ፓይለቱ በራሱ ላይ ምን ይያዝ የሚለው ነው። ፒኤልቢ የሚባለውን፣ ሲጫኑት ለሳተላይት የአደጋ ምልክት የሚልክ የግል ቢከን ወይስ እንደ ኢንሪች ያለ፣ በሳተላይት መልእክት የሚለዋወጥ መሣሪያ? አንድ አንጋፋ የአውሮፕላን መካኒክና አንዲት ወጣት ፓይለት ተከራከሩበት። ሁለቱም ወሎዬ ናቸው፤ ሲናገሩ ለስለስ ይላሉ እንጂ አይላቀቁም።

መካኒኩ፦ እኔ ፒኤልቢ ነው የምለው። "ኢኤልቲ እያለ ምን ያደርጋል?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሣጥኑ ጭራዋ አካባቢ ነው፣ አንቴናው ጀርባዋ ላይ ነው፣ ሁለቱን የሚያገናኘው አንድ ቀጭን ኬብል ነው። ኬብሉ ከተበጠሰ ሣጥኑ ደህና ሆኖ እየሠራ ምልክቱ ግን የትም አይደርስም። ተገልብጣ ከወደቀች አንቴናው ከሥር ነው። እሳት ከተነሳማ ተይው። ሣጥኑ በ121.5 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚሠራው የድሮው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሳተላይቶቹ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 2009 ጀምሮ እሱን መስማት አቁመዋል፤ በላይሽ የሚያልፍ አውሮፕላን በአጋጣሚ ካልሰማሽ በቀር ለራስሽ ነው የምትጮኺው።

ስቲቭ ፎሴትን አስታውሺ። ብቻውን በፊኛ ዓለምን የዞረ ሰውዬ። እ.ኤ.አ. በ2007 በትንሽ አውሮፕላን ከኔቫዳ ተነስቶ ቀረ። አሜሪካን በሚያህል አገር ስንት አውሮፕላን ተሰማርቶ ሲፈልገው ቆይቶ፣ ስብርባሪው የተገኘው ከዓመት በኋላ ነው።

ፒኤልቢ ግን ደረትሽ ላይ ነው። በ406 ሜጋኸርዝ፣ በ5 ዋት ጉልበት፣ በየ50 ሰከንዱ ገደማ ምልክት ይልካል፤ ቢያንስ 24 ሰዓት። ጂፒኤሱ ከያዘ ያለሽበትን በ100 ሜትር አካባቢ ይናገራል። ምልክቱን የሚሰማውን የሳተላይት መረብ፣ ኮስፓስ ሳርሳትን፣ አሜሪካ፣ ሶቭየት ኅብረት፣ ካናዳና ፈረንሳይ ናቸው በቀዝቃዛው ጦርነት መሃል የጀመሩት፤ የመጀመሪያው ሳተላይት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ወርሃዊ ክፍያ ብሎ ነገር የለም።

ፓይለቷ፦ አብሽሩ ጋሼ፣ ምልክቱ ይደርሳል፤ እሱ ላይ አንጣላም። እኔ የማነሳው ከደረሰ በኋላ ያለውን ነው።

100 ሜትር አሉ። ሜዳ ላይ ግሩም ነው። አምባሰል ላይ ግን 100 ሜትር ማለት ገደሉ አናት ላይ ነኝ ወይስ ከሥሩ ማለት ነው። በሽሎ ሸለቆ ውስጥ ወደቅሁ እንበል። ፈላጊው በደላንታ በኩል ይውረድ ወይስ በመቅደላ? የተሳሳተውን ከመረጠ ቀኑ መሸ። ቢከኑ ይህን አይናገርም፣ ዲዳ ነው። እኔ ግን "ሁለት ነን፣ አንዱ እግሩ ተሰብሯል፣ ወንዙን አልተሻገርንም፣ በደላንታ ኑ" ብዬ እጽፋለሁ። መልእክቱ በቀጥታ ደሴ ያለ ሰው ስልክ ላይ ይገባል። ቀድሞ የሚደርስልኝ ደግሞ ሄሊኮፕተር አይደለም፤ በቅሎ የጫነ ገበሬ ነው፤ እሱ ጋ የሚደውለው ያ ደሴ ያለው ሰው ነው።

ሌላው፣ ፒኤልቢ እጅ ይፈልጋል። ራሴን ከሳትኩ ማን ይጫነው? የእኔ መሣሪያ ግን ስበር መንገዴን እየላከ ነው የሚሄደው፤ ምንም ሳልነካ የመጨረሻ ነጥቤ ተመዝግቧል።

መካኒኩ፦ የመጨረሻ ነጥብ! በየ10 ደቂቃው ነው ብዙ ሰው የሚያደርገው አይደል? አውሮፕላኗ በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ብትሄድ በ10 ደቂቃ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ከደሴ ተነስተሽ ሐይቅ ደረስሽ ማለት ነው። በመሃል ያለውን ጋራ ሁሉ ማን ያስሰው?

ፓይለቷ፦ በየ2 ደቂቃው አደርገዋለሁ። 6 ኪሎ ሜትር።

መካኒኩ፦ ባትሪውስ? ክፍያውስ? ክፍያው በዶላር ነው እታለም፣ ያውም በካርድ። ካርዱ አልሠራም ያለ ቀን የድረሱልኝ ጥሪው፣ ኤስኦኤሱም አብሮ ጠፋ። ቻርጅ መደረግም አለበት፤ ማታ መብራት ከሄደ ጠዋት ግማሽ ባትሪ ይዘሽ ትነሺያለሽ። የሳተላይት መገናኛ እዚህ አገር ፈቃድ እንደሚጠይቅም አትርሺ፤ ጉምሩክ ላይ "ምንድነው ይሄ?" ሲሉሽ አያድርስ ነው። የኔው ፒኤልቢ ሳይነካ ዓመታት ይቀመጣል። ሲፈለግ ይነሳል።

ፓይለቷ፦ የእርስዎም እኮ ራዲዮ አስተላላፊ ነው ጋሼ፣ ወረቀቱን አብረን ነው የምንጠይቀው። ክፍያውን መሥሪያ ቤት ይክፈል፤ ነዳጅ ከኪሴ አልሞላም።

ስለ መቀመጥ ካነሱ ግን እዚያ ላይ ነው ፒኤልቢ የሚሸውደው። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣዋል፣ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ማንም አይመዘግበውም። ውስጡ ያለው የአገር ኮድ የአሜሪካ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሲጫኑት አሜሪካ ያሉት ጥሪውን የሚያጣሩት ሰዎች መዝገባቸውን ከፍተው ባዶ ያገኛሉ። የማን ነው? አውሮፕላን ነው ወይስ በስህተት የተነካ? ከሚመጣላቸው ጥሪ አብዛኛው የውሸት ነው፤ ስልክ ደውለው ካላጣሩ ነገሩ ይጓተታል።

መካኒኩ፦ ይህቺን እቀበልሻለሁ፣ ጥፋቱ ግን የባለቤቱ ነው። የአሜሪካ ኮድ ያለው እዚያው በነፃ ይመዘገባል። አገራቸው መዝገብ ለሌላቸው ደግሞ ዓለም አቀፉ የኮስፓስ ሳርሳት መዝገብ አለ። ጀርባው ላይ ያለውን 15 ሆሄ ቁጥር ማስገባት ነው።

ሌላም ልጨምር። የባትሪው ጊዜ ሲያልፍ ፒያሳ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወስዶ ማስፈታት ክልክል! እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ሄትሮው ላይ ቆሞ የተቃጠለው የኛው አየር መንገድ ቦይንግ 787 እሳቱ የተነሳው ከኢኤልቲው ሊቲየም ባትሪ ነው፤ ክዳኑ ሲገጠም የባትሪው ሽቦ ተቆንጥጦ ነበር። በፋብሪካ ሰው እጅ እንኳ እንዲህ ከሆነ።

እጅን በተመለከተ፣ እኔ ዘንድ ለልምምድ የሚመጣ ፓይለት ሁሉ ቀበቶውን እንደታሰረ ነው የማስሞክረው። ቢከኑ ጃኬቱ ግራ ደረት ላይ በገመድ ታስሯል፣ ቀኝ እጅ ተሰብሯል በል እለዋለሁ። በግራ እጁ ብቻ ያወጣዋል፣ አንቴናውን በጥርሱ ይዘረጋል፣ ቁልፉን የሸፈነችውን ክዳን በአውራ ጣት ይፈነቅላል። እዚያ ላይ እናቆማለን፤ መጫን የለም፣ ከተጫነ እውነተኛ ጥሪ ነው። ቦርሳ ውስጥ የከተተ ሰው ካጋጠመኝ አልከራከርም፣ ወደ ቤቱ ነው የምሸኘው።

ፓይለቷ፦ ቦርሳ ላይ አንድ ነን። እኔም ከሰውነቴ አላወጣውም። ግን ተጫንኩት እንበል፤ ሰሙኝ አልሰሙኝም በምን አውቃለሁ? ጋሊሊዮ ከሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ጋር የሚሠሩት አዳዲሶቹ ብቻ ናቸው "ደርሶናል" ብለው መብራት የሚያበሩት፤ እሱም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ነው፣ በሁሉም አገር ኮድ አይሠራም። አቡነ ዮሴፍ ሥር በዚያ ብርድ ሳድር ሰው መምጣቱን ማወቅ አለብኝ። ልጠብቅ ወይስ ወደ መንደር ልውረድ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው።

መካኒኩ፦ ትጠብቂያለሽ! ከአውሮፕላኑ አይራቅም። ይልቅ እኔ ልጠይቅሽ። ያንቺን ኤስኦኤስ የሚያነሳው ማዕከል ቴክሳስ ነው ያለው። ሲነካ የሚደውለው ለማን ነው?

ፓይለቷ፦ አንደኛው ቁጥር የእናቴ ነው።

መካኒኩ፦ እናትሽ የውጭ ቁጥር ታነሳለች?

ፓይለቷ፦ ወዲያው ነው የምታነሳው፤ ጂዳ ያለችው እህቴ ትመስላታለች። እንግሊዝኛ ስለማትችል ሁለተኛው ቁጥር የተረኛው ባልደረባዬ ነው። የእርስዎ ምዝገባ ላይስ የማን ቁጥር ነው ያለው?