ቁልፏ ለሐጂ ብቻ ታየች

ጅማ ውስጥ ኢንጂነር ነኝ ያለ ሰው ጣቱን ቀስሮ የሚያሳየው ነገር ሊኖረው ይገባል። ድልድይ፣ ፎቅ፣ ካልሆነም የጎርፍ መውረጃ ቦይ። ቦዩ በክረምት ሞልቶ ሰፈሩን ቢያጥለቀልቅ እንኳ ችግር የለውም፤ ቢያንስ ማንን እንደምናማ እናውቃለን።

የጎረቤታችን ልጅ ግን የሚያሳየው የለውም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተምሮ፣ አሜሪካ ተሻግሮ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ግዙፍ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ተቀጥሯል። ዘንድሮ ለእረፍት መጣ። እረፍት ይባል እንጂ ማታ ማታ ሥራ ይገባል፤ እዚያ ሲነጋ እዚህ ይመሻል። እኛ ቡና ልናፈላ ስንቀመጥ እሱ ላፕቶፑን ይዞ ጓዳ ነው። ስታንድ አፕ የሚሉት አጭር ስብሰባ አላቸው። 15 ደቂቃ ነው። በ15 ደቂቃ እኛ አቦል እንኳ አንደርስም። እነሱ ትናንት የሠሩትን፣ ዛሬ የሚሠሩትንና የያዛቸውን ችግር ተናግረው ይበተናሉ። (የእድራችን ሰብሳቢ ይህን ቢሰማ ጥሩ ነበር።)

አንድ ማታ ሐጂ ጠየቁት። ሐጂ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ናሙና ሳያዩ አያምኑም።

"ለመሆኑ ልጄ፣ እዚያ ምን ሠራህ?"

"ስልክ ላይ የምትነካ አንዲት ቁልፍ አለች። ከግራ ወደ ቀኝ አዛወርኳት።"

"ስንት ቀን ፈጀብህ?"

"ሰባት ወር።"

ልጁ አላጋነነም። ማዛወሩ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ የቀረው ሁሉ ፈቃድ ነው። መጀመሪያ ለምን እንደምትዛወር ሰነድ ይጻፋል። ሰነዱ ላይ ሃያ ሰው አስተያየት ይሰጣል፤ ግማሹ ስለ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ የዲዛይን ሰዎች፣ የሕግ ሰዎች፣ የተጠቃሚ መረጃ ጥበቃ ሰዎች ያዩታል። ኮዱን፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ የተጻፈውን ትእዛዝ፣ ሌላ ኢንጂነር አይቶ ካላጸደቀው አይገባም፤ አጽዳቂው ደግሞ ሁሌም እረፍት ላይ ነው። በመሃል መዋቅሩ ይቀየርና አዲስ አለቃ ይመጣል። አዲሱ አለቃ "ለምን ግራ አትሆንም?" ይላል። "አሁንም ግራ ናት" ይሉታል።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2015 የነበረው ኮድ 2 ቢሊዮን መስመር ያህል እንደነበር የራሱ ሰዎች ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ሰው አንዲት ቁልፍ ከደረሰችው እድለኛ ነው።

ሐጂን ያሳመናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። አረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ለዚያ ሁሉም ተገልብጦ መሠራት ነበረበት። "ይሄስ ሥራ ነው" አሉ።

ነገር የተበላሸው እናቱ ስልካቸውን ሲያወጡ ነው። ቡና ሊጠጣ የመጣውን ሁሉ "የልጄን ሥራ እዩ" ብለው ሰበሰቡ። ከፈቱ። ቁልፏ ግራ ናት። ዘግተው ከፈቱ። ግራ። ልጁን ላብ አጠመቀው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች አዲስ ነገር ለሁሉም በአንዴ አይለቁም። ከመቶ ለአንድ ሰው ያህል ያሳያሉ፣ ሌላውን እንደነበረ ይተዉታል፣ ከዚያ ያወዳድራሉ። ለማን እንደሚታይ ኮምፒውተሩ በእጣ ይመርጣል።

"እማዬ፣ እጣው አልደረሰሽም።"

"ወልጄህ?"

ይህን ጊዜ ሐጂ እንዲያው ለማየት ያህል የራሳቸውን ስልክ ከኪሳቸው አወጡ። ቁልፏ ቀኝ ናት።

እናቱ ሐጂን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ሐጂ በረካ ሳይጠጡ ወጡ።

በማግስቱ ወሬው እዚሁ ጅማ መርካቶ ደረሰ። ሐጂ ዘመድ ናቸው የሚል ተነሣ። የለም፣ ያኔ የጉዞ ትኬቱን የከፈሉለት እሳቸው ናቸው የሚል ተነሣ። ከዚያ ደጅ ጥናቱ ተጀመረ። አንዱ ማር ይዞ መጣ። አንዷ "እኔ ብቀር እንኳ ለልጄ አስገባልኝ" ብላ የስልክ ቁጥር በወረቀት ሰጠች። ልጁ በእጣ ነው ቢል ማን ይሰማዋል? እዚህ አገር በእጣ ነው የተባለ ነገር ሁሉ ሰው እንዳለበት እናውቃለን። እኔም በሰው በሰው አስጠይቄያለሁ። ቁልፏ ምን እንደምትሠራ ግን የጠየቀ አልነበረም።

ልጁ ተመለሰ። ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን በቀትር ሐጂ እየተጣደፉ እናቱ ቤት ገቡ። ቁልፏ ወደ ግራ ተመልሳለች።

"ልጃችንን አባረሩት እንዴ?"

ፍርሃታቸው ከመሬት አልተነሣም። ጉግል በጃንዋሪ 2023 12,000 ያህል ሠራተኛ እቀንሳለሁ ካለ ወዲህ፣ ልጁ የትኛውም ኩባንያ ቢሠራ፣ እናቱ ዜና በሰሙ ቁጥር ይደነግጣሉ። ወዲያው ደወሉ። እሱ ዘንድ እኩለ ሌሊት አልፏል።

"አላባረሩኝም" አለ በእንቅልፍ ልቡ። "ቁጥሩ ሲታይ ለሰዉ ግራዋ ትሻላለች። መለስናት።"

"ያን ሁሉ ወር የለፋህበት?"

"እሱንማ እድገት ሰጡኝ።"

እናቱ ስልኩን ለሐጂ አቀበሉ። "እስቲ እርስዎ ይጠይቁልኝ።"

"ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ" አሉ ሐጂ። "እድገቱ ቁልፏን ለመውሰድህ ነው ለመመለስህ?"

"ለሁለቱም ነው፣ ሐጂ።"