ይድረስ ለክቡር «የነገ ዓለም»፣ ካሉበት ጥግ

ጉዳዩ፦ ሮኬትዎ ላይ ተንጠልጥዬ ስለመቅረቴ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ወርጃለሁ።

የመዝናኛ ግቢዎን ስም አልጠራም። ጐንደር ውስጥ እሁድ ከሰዓት ልጅ ይዞ የወጣ ሁሉ ያውቅዎታል። ከዥዋዥዌው ጀርባ፣ ብርማ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር ያለዎት፣ በሩ አናት ላይም «እንኳን ወደ ነገ በደህና መጡ» የተጻፈብዎት እርስዎ ነዎት።

ባለፈው እሁድ የእህቴን ልጅ ይዤ መጣሁ። ሰባት ዓመቱ ነው፤ ስለ ሮኬትዎ ከክፍል ጓደኛው ሰምቶ ሳምንቱን ሙሉ ሲጨቀጭቀን ነው የሰነበተው። የቲኬቱ መስኮት ላይ ሁለት መቶ ብር ዘረጋሁ። «በጥሬ ብር አንሠራም አባቴ፣ በስልክ ነው» አለችኝ ልጅቷ፤ ጨዋነቷን አልክድም። ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። ወደ ሰማይ ከፍ አደረግሁት፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ወላጆችም የየራሳቸውን ከፍ አድርገዋል፤ ከሩቅ ላየን ምሕላ የቆምን እንመስል ነበር። ደግነቱ አንዲት እናት ኔትወርክ የሚገኘው ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ሾላው ሥር እንደሆነ ታውቅ ኖሮ ሰልፉን እንዳለ ወደዚያ አዞረችው። ብሩ ተቆረጠ። ማረጋገጫው ግን አልመጣም። «ተቆርጧል ይላል እኮ!» «እኛ ጋ አልገባም አባቴ።» ይህችን ምልልስ የማያውቅ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ። በዚህ መሀል ልጁ ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ «አጎቴ፣ ብር የለህም እንዴ?» አለኝ። ሁለት መቶ ብሩ እንደተዘረጋ እጄ ላይ ነው።

መልእክቷ በስንት ጣሯ ደረሰች፤ ገባን። ደንብዎ «ልጅ ያለ አሳዳጊ አይሳፈርም» ይላል፤ ስለዚህ እኔም ተሳፈርኩ። ሮኬቱ የተሠራው ለልጅ ነው። ጉልበቴ አገጬን እየነካ፣ ቀበቶውም ሆዴን አልዞር ብሎ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ በእንግሊዝኛ ተቆጠረልንና ተነሣን። ከቆርቆሮው ጣሪያ ትንሽ ከፍ እንዳልን መብራት ሄደ።

ጄኔሬተር? አለዎት። ነዳጅ የለውም። ታች ያለው ወጣት «አይዟችሁ፣ አሁን ይመጣል» አለ። ሰው ሁሉ ስልኩን እንደገና ከፍ አደረገ፤ ያሁኑ ለቪዲዮ ነው። ብዙ ከቆየን በኋላ የግቢው ዘበኛ ጋቢያቸውን እንደደረቡ፣ ጽዱን የሚከረክሙበትን የባሕር ዛፍ መሰላል ተሸክመው መጡ። «ልጁን አስቀድም፤ አንተ ኋላ ትወርዳለህ» አሉኝ። ጠፈርተኛው ጀርባውን ለሕዝብ ሰጥቶ፣ በእግሩ እርከን እየዳበሰ ወረደ። አንዱ እርከን ውልቅልቅ ይላል። መሬት ስረግጥ አጨበጨቡልኝ።

ብሬን ይመልሱልኝ ብል ቅጽ ተሰጠኝ። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ የጋብቻ ሁኔታ። ከታች፣ ግማሽ መስመር በማትሞላ ቦታ ላይ፣ «ተመላሽ የተጠየቀበት ምክንያት»። «ሰማይ ላይ ቀርቼ» ብዬ ሞላሁ። የመታወቂያ ኮፒ ይያያዝ ተባለ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ መብራት የለውም። «እንግዲያው ሰኞ በሥራ ሰዓት ብቅ ይበሉ።»

የቆየ ቂሜን አላበዛብዎትም። የሚነካው ስክሪንዎ ላይ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሮቦትዎ ክንዱ ከተሰበረ ወዲህ ሰላምታ አቁሟል። የግድግዳዎ ሥዕል ግን ትንሽ ያስቆመኛል። ፎቅ በፎቅ ላይ፣ በራሪ መኪና፣ የተምር ዛፍ። ተምር! ጐንደር ላይ! ግንቡ የለም፣ የጎሐ ኮረብታ የለም፣ አንዲት ባጃጅ እንኳ የለችም። ወደፊት ጐንደር የማትኖር ከሆነ ነዋሪው ቀደም ብሎ ቢነገረው ጥሩ ነበር።

ጐንደሬ ነኝና ዘርዎን ቆጠርኩ። ታላቅ ወንድም አለዎት፤ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ይኖራል። ዋልት ዲዝኒ ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. ዲዝኒላንድ የሚባለውን መዝናኛ ሲከፍት አንዱን ክፍል ቱሞሮውላንድ፣ «የነገ ምድር» ብሎ ሰየመው፤ ዓለም በፈረንጆቹ 1986 ምን እንደምትመስል ሊያሳይበት። የሃሌይ ኮሜት የሚባለው ጅራታም ኮከብ ተመልሶ የሚመጣበት ዓመት ነበር። ጊዜም ገንዘብም አጠረው። ያላለቀውን ቦታ በፊኛ ሸፈነው፤ ሌላውን ለኩባንያዎች ሰጠና ሰው ነገን ሊያይ ገብቶ የኬሚካልና የአሉሚኒየም ማስታወቂያ አይቶ ወጣ። በርዎ ላይ የተንጠለጠለው ፊኛ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የዘር ነው።

(ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው።) በ1957 ሞንሳንቶ የሚባለው ኩባንያ እዚያ የፕላስቲክ ቤት ሠራ፤ የወደፊት ሰው የሚኖርበት። ማንም ሳይኖርበት በ1967 ይፍረስ ሲባል የማፍረሻው የብረት ኳስ እየነጠረ ተመለሰ፤ በአንድ ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በዚያው ዓመት ከሰው ራስ በላይ ሳይቆም የሚዞር ባቡር ዘረጉ። በ1995 ቆመ። በ1998 በዚያው ሐዲድ ላይ ፈጣን ተሽከርካሪ ሞከሩ፤ በ2000 እሱም ቀረ። ሐዲዱ ግን አልተነሣም፤ ጐብኚው ዛሬም ባዶ ሐዲድ ሥር ነው የሚመላለስ። ልጆች የሚነዷቸው መኪናዎች ደግሞ ከመክፈቻው ቀን ጀምሮ በነዳጅ ነው የሠሩት፤ ወደ ኤሌክትሪክ እንቀይራለን ያሉት ገና በ2024 ነው። በዚያው ዓመት እኛ የነዳጅ መኪና አይግባ ብለን ከልክለናል። ቀደምናቸው! መኪናውን የምንሞላበት መብራት ሲመጣ ደግሞ እናስታውቃቸዋለን።

እና ታላቅ ወንድምዎ የገባውን ቃል ጠበቀ? አልጠበቀም። 1986 አለፈ፣ ኮሜቱም መጥቶ ሄደ፣ እሱ ግን ወደፊትን ማሳየት ሲያቅተው የድሮ ሰዎች ያለሙትን ወደፊት እያደሰ ያሳያል። ቢሆንም ከሰቀለው ውስጥ ዛሬም የሚያንቀሳቅሰው አለ። በ1959 የተዘረጋው ሞኖሬይሉ፣ በአንድ ሐዲድ የሚሄደው ባቡር፣ ዛሬም ሰው ይጭናል። እዚሁ ከተማችንም ቢሆን ጣልያን ፒያሳ ላይ የራሱን ነገ ገንብቶብን ነበር፤ ማንም ሳይለምነው። ኅዳር 1934 ዓ.ም. የመጨረሻው ጦሩ እዚሁ ጐንደር እጁን ሰጠና ነገውም አበቃ። ፖስታ ቤቱ ግን አለ። ይህን ደብዳቤ በእሱ በኩል የላክሁት በእርስዎ ኔትወርክ እንደማይደርስ ስለማውቅ ነው።

አሁን አንቱታውን ልተወው። ልጁ ሮኬቱ ላይ ሳለን አልጮኸም፣ አላለቀሰም። መብራቱ ሲሄድ «ሄደ» ብሎ ዝም አለ። እኔን ያበገነኝ መሰላሉ አይደለም፤ ይህ ነው። ሰባት ዓመቱ ነው። መብራት መሄዱን ለምዷል፣ ውኃ መጥፋቱን ለምዷል፣ ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ መክረሙን፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ መዋሉን ለምዷል። እንዲህ ያለ ልጅ ፊት ቆመህ «እንኳን ወደ ነገ በደህና መጡ» ብለህ በሩ ላይ ስትጽፍ ትንሽ አታፍርም? እኛ ትልልቆቹ ተታለን ኖረናል፣ ይሁን። እሱ ግን አንዲት ያልለመዳት ነገር ቀርታው ነበር፤ የማይሠራ ነገ። እሷንም አንተ አስለመድከው፤ ብር ተቀብለህ።

ይቅርታ፣ ወደ ክብርዎ ልመለስ።

ብዙ አልለምንም። መብራት በሌለ ቀን በሩ ላይ «ዛሬ ነገ የለም» ብለው ይለጥፉ፤ እኛም ቤታችን እንውላለን። ጥሬ ብር ይቀበሉ፤ የብሔራዊ ባንክ ገዥ ፊርማ አለበት፣ አይነክስም። መሰላሉን ያስጠግኑ፤ ግቢዎ ውስጥ ሰውን ወደ ላይ አውጥቶ መልሶ የሚያወርድ መሣሪያ እሱ ብቻ ነው። ለዘበኛውም የበረራ መሐንዲስ ደመወዝ ይቆረጥላቸው።

ከሰላምታ ጋር
ቅጹን ሰኞ ይዞ የሚመጣ አጎት

ግልባጭ፦
ለታላቅ ወንድምዎ፣ አናሃይም
ለግድግዳ ሠዓሊዎ (ባጃጅ አንድ፣ ግንብ አንድ)
ለመዝገብ ቤት (ኮፒው ፎቶ ኮፒ ቤቱ መብራት ሲያገኝ ይላካል)